የማይችለንን እስከ የት እንቻለው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ ለዑለማዎች ጉባኤ ብቻ የሚተው አይደለም። ቡና ሲፈላ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ነው። «ተቻችላችሁ ኑሩ ትሉናላችሁ፤ እሺ፤ እኛን የማይችለንን ሰውስ እስከ የት እንቻለው?» ይላሉ ሰዎች። ጥያቄው ብዙ ጊዜ በቁጣ ይነሳል፤ በቁጣ ስለተነሳ ግን የተሳሳተ ጥያቄ አይሆንም።

የገዛ ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «መቻል» አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ነው። ሰው ረሃብን ይችላል፣ በሽታን ይችላል፣ ክፉ ጎረቤትን ይችላል። «መቻቻል» ግን እንደ መረዳዳት፣ እንደ መጠያየቅ ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ እየቻለ ሌላው የሚረግጥ ከሆነ ያንን መቻቻል ብሎ መጥራት ቃሉን ማዋረድ ነው። በየስብሰባው አዳራሽ «የመቻቻል ተምሳሌት ነን» እየተባለ ሲጨበጨብ ይህ ነገር ይረሳል።

በምዕራቡ ዓለም ይህን ጥያቄ በማንሳት ስሙ የሚጠቀሰው ካርል ፖፐር ነው። ቪየና የተወለደ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ኒውዚላንድ የሄደ ፈላስፋ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ በማስታወሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ገደብ የሌለው መቻቻል በመጨረሻ መቻቻልን ራሱን ያጠፋዋል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ስለዚህ እገሌን ዝም እናሰኘው» ይላል። ሰውየው ግን አላቆመም። በክርክር ልንመልሳቸው እስከቻልን ድረስ በኃይል ማፈኑ ብልህነት አይደለም፤ ክርክሩን ጥለው ቡጢና ጠመንጃ ሲያነሱ ግን ማኅበረሰቡ ራሱን የመከላከል መብት አለው የሚል ነው ሙሉ ሐሳቡ።

እኛ ሙስሊሞች ግን ይህን ጥያቄ ከፈላስፋ መጽሐፍ አላገኘነውም። ከፖፐር 1,300 ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ፣ በአራተኛው ኸሊፋ በዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ዘመን፣ በደም ተጽፎ ቀርቦልናል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ረጋ ብለን እንየው፤ የዛሬው ጉዳያችን ያለው እዚያ ነውና።

በ37ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሲፊን ጦርነት በኋላ ከዐሊይ ሠራዊት ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች ተለይተው ወጡ። ኸዋሪጅ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ሶላተኞች ነበሩ፣ ፆመኞች ነበሩ፣ ቁርኣን በመቅራት የታወቁ ነበሩ። ግን ከእነርሱ አቋም ውጪ የሆነውን ሙስሊም ሁሉ ከኢስላም አስወጡ፤ ዐሊይን ራሳቸውን ጭምር። ኩፋ መስጊድ ውስጥ ዐሊይ ኹጥባ ሲያደርጉ እየተነሱ በጩኸት ያቋርጧቸው ነበር።

እስቲ አስቡት፤ የአገር መሪ ናቸው፣ ጦር በእጃቸው ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅና አማች ናቸው። እየሰደቧቸው ያሉት ሰዎች ደግሞ «ካፊር» እያሏቸው ነው። ምን አደረጉ? ሦስት ነገር ቃል ገቡላቸው። ከአላህ መስጊዶች አናግዳችሁም፤ ከእኛ ጋር እስከሆናችሁ ከሕዝብ ገንዘብ የሚገባችሁን ድርሻ አንከለክላችሁም፤ ካልጀመራችሁን ጦር አናነሳባችሁም። ከዚያ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ላኩባቸው። ኢብኑ ዐባስ ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ ተቀመጠ፤ ቅሬታቸውን አንድ በአንድ ሰማ፤ አንድ በአንድ መለሰ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሐሳባቸውን ለውጠው ተመለሱ። ይህን ያደረገው ሰይፍ አይደለም፤ መቀመጥና መስማት ነው።

ያልተመለሱት ግን ነበሩ። እነዚህ መንገድ ላይ የሶሐባውን የኸባብን ልጅ ዐብዱላህን አገኙትና ጠየቁት። መልሱ አልጣማቸውምና እርሱንም ነፍሰ ጡር ሚስቱንም ገደሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረው አቆይተውልናል። እነዚሁ ሰዎች ከዛፍ ሥር የወደቀች ተምር ያለ ባለቤቷ ፈቃድ አፉ ውስጥ የከተተውን ጓደኛቸውን አስተፍተውታል፤ የአንድ ሙስሊም ያልሆነ ዜጋ አሳማ በመግደላቸውም ካሣ ከፍለዋል። ለአንዲት ተምር የሚጠነቀቅ ሕሊና በሰው ነፍስ ላይ ግን ደንዝዞ ነበር። የጽንፈኛ ሰው አሠራር እንዲህ ነው። ክፉ ለመሆን አያስብም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ጠንቃቃ የሆነ ይመስለዋል።

የዐሊይ ትዕግሥት ያበቃው እዚህ ላይ ነው። ግን እንዴት እንዳበቃም ልብ በሉ። «ገዳዮቹን ስጡን» ነው ያሉት። «ሁላችንም ነን የገደልነው» ብለው እምቢ ሲሉ ጦሩ ነህረዋን ላይ ገጠማቸው፤ ጊዜው 38ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ውጊያው ከመጀመሩ በፊትም ባንዲራ ተተክሎ፣ ወደዚህ የመጣ ወይም ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰላም ነው ተብሎ ታወጀ፤ ብዙዎችም ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ቡድን የሆነ አንድ ሰው ዐሊይን በመርዝ በተነከረ ሰይፍ ሲመታቸው፣ በሞት አልጋ ላይ ሆነው የሰጡት ትእዛዝ፣ እኔ ከሞትኩ የገደለኝ አንድ ሰው ብቻ ይጠየቅ፤ በእኔ ምክንያት የሌላ ደም አይፍሰስ፤ የገዳዩም አካል አይቆራረጥ የሚል ነበር።

ውድ አድማጮች፣ «የማይችለንን እስከ የት እንቻለው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ በበኩሌ አላውቅም። ምላሱን ችለው በምላስ መለሱለት። እጁን ግን አልቻሉለትም። እጁንም ሲይዙ ያንን እጅ ብቻ ያዙ፤ የወንድሙን፣ የጎሣውን፣ የጎረቤቱን እጅ አልነኩም።

ቁርኣንም በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛና 9ኛ አንቀጾች መስመሩን ያሰመረው በዚሁ ቦታ ነው። በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላፈናቀሉን ሰዎች በጎ እንድናደርግና ፍትሐዊ እንድንሆን አልተከለከልንም። ክልከላው የመጣው የተዋጉንን፣ ከቤታችን ያፈናቀሉንንና ለማፈናቀል ያገዙትን ወዳጅ አድርገን እንዳንይዝ ነው። መለያው የሰውየው እምነት አልሆነም፤ ስለ እኛ በልቡ የሚያስበውም አልሆነም። መለያው ቤት ነው፤ ከቤት ማስወጣት።

«ከቤት ማስወጣት» ስንል የሩቅ ዘመን ነገር እንዳይመስለን፤ ወደ ጌዴኦ እንሂድ።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ይኖርባታል፤ ሙስሊሙ በዞኑ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው። ገበሬው በአንድ ማሳ ላይ ረጃጅም ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና አጎራብቶ ይተክላል፤ ይህ አሠራሩ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግቦታል። ጎረቤቱ ጉጂ ነው። በአፈ ታሪክ የጌዴኦ አባት ደራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው፤ ደራሶ ታላቅ ነው ይባላል። አንዱ ቡናና ቆጮ፣ ሌላው ከብትና ቅቤ ይዞ ገበያ ይገናኛል፤ ይጋባል፤ ይዋለዳል።

በእነዚህ ወንድማማቾች መካከል በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. ደም ፈሶ ነበር። በሚያዝያ 2010 እንደገና ፈሰሰ። የመሬትና የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ ነበረበት፤ ወሬም ነበረበት። በዚያው ሰሞን የአገር ሽማግሌዎችና አባ ገዳዎች ከመንግሥት ጋር ሆነው አስታረቁ፤ ብዙ ተፈናቃይም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰኔ ሲገባ ግን ከመጀመሪያው የከፋ ሆኖ ፈነዳ። በሁለቱ ወገኖች ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ጠቅላላ ሕዝብ ከ850 ሺህ አይበልጥም ነበር፤ የጉዳዩን ስፋት በዚህ መዝኑት። ሰዎች በትምህርት ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ በሌላቸው ሕንፃዎች ውስጥ፣ በክረምት ዝናብ፣ ጭቃ ላይ ተኙ። በዚያ የአውሮፓውያን ዓመት በግጭት ምክንያት ከሁሉ የበለጠ አዲስ ተፈናቃይ የታየባት የዓለም አገር ኢትዮጵያ ነበረች።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሃይማኖት ጠብ አልነበረም። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ እሑድ እሑድ በአንድ ዓይነት ጸሎት ቤት የሚያመልኩ ነበሩ። «ችግሩ ሁሉ ሃይማኖት ነው፤ ሃይማኖትን ዝም ብታሰኙት ሰላም ይሆናል» የሚሉን ወገኖች ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው። አለመቻቻል ልብስ አይመርጥም፤ የሃይማኖት ካባ ካጣ የመሬት፣ የጎሣ፣ የቋንቋ ካባ ይደርባል። ከሁሉም በላይ የሚወደው «መጤ» የሚለውን ቃል ነው። አንድ አገር የዘራን፣ የወለድን፣ የቀበርን ሰዎች በአንድ ቃል እንግዳ እንሆናለን።

ሁለተኛው ምክንያት ዕርቁ ነው። የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎች ጎንዶሮ የሚባል ከባድ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። እንስሳ ይታረዳል፤ ደም ዳግም ላለማፍሰስ ይማማላሉ። እኛ እንደ ሙስሊም ሥርዓቱን እንደ አምልኮ አንቀበለውም፤ የቃል ኪዳንን ክብደት ግን ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን እኛ ነን። ታዲያ በ2010 የሚያዝያው ዕርቅ ለምን ሰኔን አልተሻገረም? በእኔ አመለካከት የታረቁት ሕዝብና ሕዝብ ስለነበሩ ነው። ያቃጠለው ሰው፣ ያስቃጠለው ሰው፣ ወሬውን የነዛው ሰው በስሙ ሳይጠራ በወገኑ ስም ይቅር ተባለ። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋተኛው ሳይለይ ሲሰጥ ግን የተበደለው አንጀቱ አይርስም፤ በዳዩም የሚያስቆመው እንደሌለ ይማራል። ዐሊይ «ገዳዮቹን ስጡን» ሲሉ ሕዝቡን ሁሉ ከገዳዮቹ ለመለየት ነበር። ገዳይ በስሙ ካልተለየ ሕዝቡ ሁሉ ገዳይ መስሎ ይቀራል።

በዚያው ሰሞን የታየ ሌላ ነገርም አለ። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት ሲደርስ አርባ ምንጭ ያለው ወጣት ለበቀል ተነሳ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። እነዚህ አባቶች የቡራዩን ጥፋት አልቻሉትም፤ ያልቻሉት የገዛ ልጆቻቸውን እጅ ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የሰውን አለመቻቻል መቁጠር ቀላል ነው። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶቻችን ሲቃጠሉ ሁላችንም አለቀስን፤ ተገቢም ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ ጀናዛ ሊቀብሩ የወጡ ወገኖቻችን ሲገደሉ አነባን፤ ተገቢም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ወራቤ የነበረው ክርስቲያን ጎንደር ላይ ማንን ገደለ? ከዚያም ቀደም ብሎ በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን አሰንዳቦና አካባቢው፣ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ወሬ በርካታ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተቃጥለው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ቁርኣን ተዋርዶ ከሆነ ያዋረደው አንድ ሰው ነው፤ ያቃጠሉት ግን የብዙ ሰው ቤት ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ 40ኛው አንቀጽ ከመስጊድ ጋር ገዳማትን፣ ቤተ ክርስቲያናትንና ምኩራቦችን አብሮ ማንሳቱን እየቀራን፣ «ለቁርኣን ብለን ነው» የምንለው ለማን ነው? የኸዋሪጅ ተምር ይህቺ ናት።

እዚህ ላይ ግን ሌላውን ወጥመድ ሳልጠቅስ ባልፍ አድማጮቼን አታለልኩ ማለት ነው። «ጽንፈኛን አንታገሥም» የሚለው ቃል በሥልጣን ላይ ባለ ሰው እጅ ሲገባ አደገኛ ነው። በ2003 እና 2004 ዓ.ም. የሆነውን አልረሳነውም። መንግሥት አክራሪነትን እዋጋለሁ ብሎ በመጅሊሱ በኩል አንድን አስተሳሰብ በሙስሊሙ ላይ ለመጫን ሲሞክር፣ ሕዝቡ በየጁምዓው በሰላም «ድምፃችን ይሰማ» አለ። መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው በሐምሌ 2004 ታሰረ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደበት፤ እስከ 2010 ድረስም አባላቱ በተለያየ ጊዜ ተፈቱ። እነዚያ ሰዎች የያዙት ወረቀትና ቃል ነበር። ስለዚህ «ማንን አንታገሥ?» ሲባል መልሱ በስም፣ በጢም ርዝመት፣ በኒቃብ፣ ሰውየው በሚከተለው ዑለማ ሊሆን አይችልም። መልሱ በእጁ በሠራው ሥራ ነው። ይህን መስመር የምንፈልገው ሌላው እኛን እንዳይጎዳ ብቻ ሳይሆን እኛም በሐሳባችን እንዳንታሰር ነው።

«እሺ፤ በምላስና በእጅ መካከል ያለውስ?» ልትሉ ትችላላችሁ። አስቸጋሪው እርሱ ነው። እስቲ ዲላ ከተማ ሱቅ ያለውን አንድ ወንድማችንን በሐሳባችን እንውሰድ። ከሱቁ ፊት ለፊት በድምፅ ማጉያ የሚሰብክ ሰው አለ እንበል። ሰባኪው «እስልምና ትክክለኛ መንገድ አይደለም» ቢል ወንድማችን ይችለዋል። እርሱም ስለ ሥላሴ የሚያምነው የታወቀ ነውና። ካወቀ በመልካም አንደበት ይመልስለታል፤ ካላወቀ ለሚያውቅ ይተወዋል። ያ ሰባኪ «ከሙስሊም ሱቅ አትግዙ፣ ቤት አታከራዩአቸው፣ መቃብር አትስጧቸው» ማለት ከጀመረ ግን ነገሩ ስብከት መሆኑ አብቅቷል፤ እጅ እየተዘረጋ ነው። ያን ጊዜ ወንድማችን ወጣቶችን ሰብስቦ ድምፅ ማጉያውን አይሰብርም። ወደ ሰውየው የገዛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይሄዳል። ጌዴኦ ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለው፤ እዚያም ይሄዳል። ካልሆነም ሕግ አለ። በመጋቢት 2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ጥላቻ የሚነዛውን እስከ 2 ዓመት፣ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ደግሞ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። በዚህ ቅደም ተከተል መሄዱ ፍርሃት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሸሪዓችንም አንድ ግለሰብ ተነስቶ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ፈፃሚ እንዲሆን አልፈቀደም።

ይህንኑ መስታወት ገልብጠን እንየው። እኛ በምንበዛበት ገጠር አንድ ጴንጤ ቤተሰብ ሬሳውን ተሸክሞ ቦታ ሲያጣ፣ ለጸሎት ቤት መሬት ሲጠይቅ «እኛ መንደር አይሆንም» ሲባል፣ ዲላ ላለው ወንድማችን የጠየቅነውን ፍትሕ እዚያ ላለው ጎረቤታችን እንሰጠዋለን? ነጃሺ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመካ ስደተኞችን ሲቀበል የእምነቱን ተከታዮች አልነበረም የተቀበለው። የመካ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው «አሳልፈህ ስጠን» ሲሉት አላባረራቸውም፤ አስቀምጦ ሰማቸው፤ ከዚያ ስደተኞቹን ሰማ። መጨረሻ ላይ ስጦታቸውን መለሰላቸውና ሰዎቹን አልሰጠም። የሚጠሉንን ሰዎች ሰማ፤ እጃቸውን ግን አልረዳም። በዚህ አገር የምንኮራው በዚህ ታሪክ ከሆነ ሒሳቡ ለእኛም ይመጣል።

ስለ ቤታችን አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፤ ሰዓታችንም እየደረሰ ነው። በወሬ የተቃጠለ ሰፈር ሁሉ ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ቤት ውስጥ ነው። በፊት በሰው አፍ ነበር፤ አሁን በእጅ ስልክ ነው። ልጃችሁ ምሽት ላይ «እገሌ ቦታ መስጊድ አቃጠሉ፤ ይህን ለሌሎች አስተላልፉ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጡ በሉት። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ይዞ ሲመጣ አረጋግጡ ብሎ ያዘዘን ባለማወቅ ሕዝብ እንዳንጎዳ መሆኑን አስታውሱት። ከዚያ በዚያ ቦታ ለሚኖር ዘመድ ደውሉ፤ እውነት መሆኑን ጠይቁ። እውነት ሆኖ ከተገኘም ጥያቄው አንድ ነው፤ ያቃጠለው ማነው? ስሙ እስኪታወቅ ድረስ በእናንተ ሰፈር ያለው ክርስቲያን ጎረቤት ትናንት እንደነበረው ነው። ነገ ጠዋት ቡና ሲፈላ እንደ ወትሮው ጥሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ጎረቤት ሐቅ፣ በተለይም ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤት ሲታመምና ሲሞት ምን እንደሚገባን እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።